ብሩም ንጹሕ፣ ውሃውም ንጹሕ፤ ታዲያ ምን ችግር አለው?

(በሳምንታዊው የቴሌቪዥን ሐተታ የቀረበው ንግግር ለአንባቢያን እንዲመች እንደሚከተለው ወደ ጽሑፍ ተገልብጧል።)



ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ከቨርጂኒያ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከውልኛል። እኚህ እህታችን ላለፉት ስምንት ወራት ቤታቸው ውስጥ ኮሎይዳል ሲልቨር የሚባለውን፣ እኛ በአማርኛ የብር ውሃ ልንለው የምንችለውን ነገር በገዛ እጃቸው እየሠሩ ይጠጣሉ። ከአዲስ አበባ ለመጡት እናታቸውም ጠዋትና ማታ በቡና ሲኒ እየለኩ ይሰጣሉ። እናትየው የእንቅርት ሕመም አለባቸው፤ በየቀኑ ጠዋት የሚወስዱት ኪኒን አለ። የደብዳቤው ጥያቄ ግን ስለ ኪኒኑ አይደለም። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ብሩን የገዛሁት 999 የሚል ምልክት ያለበትን ነው። አንድ ወዳጃችን ግን 9999 ካልሆነ መርዝ ነው አለኝ። ውሃውንም ከሱፐርማርኬት ነው የማመጣው። ከሁለቱ የቱን ልለውጥ?»

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጠንቃቃ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ነው። ለዚህ ነው «ተዉት ይቅርብዎት» ብዬ በአንድ መስመር መመለስ ያልፈለግኩት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቁኝን እመልሳለሁ። ከዚያ ወዳልጠየቁኝ እሄዳለሁ።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት የብር ሽቦዎች ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይነከራሉ፤ ሽቦዎቹ ከባትሪ ጋር ይገናኛሉ። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ጋር የተያያዘው ሽቦ ቀስ በቀስ ይሟሟል። የሚሟሟው ብር በዓይን በማይታይ መልኩ፣ አዮን በሚባል ሁኔታ፣ ውሃው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ይሆናል፤ ኮሎይድ የሚባለው ይህ ቅንጣት ነው። ውሃው ፈዛዛ ቢጫ ሲመስል ቅንጣት መኖሩን ያሳያል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ግን አብዛኛው ገና አዮን ነው፤ እንዲያውም ስሙ ራሱ በትክክል አይገልጸውም። በዚህ ላይ ክርክር አላበዛም።

አሁን ወደ ውሃው። በአማርኛችን አንድ ችግር አለ። «የተጣራ ውሃ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በጨርቅ የተጠለለውም የተጣራ ነው። በማጣሪያ ማሽን ያለፈውም፣ በላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጠውም የተጣራ ነው። ለዚህ ሥራ ይፈለጋል የሚባለው ግን ዲስትልድ የሚሉት ውሃ ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። እንሥራው ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ያልፋል፣ ቀዝቅዞ በጠብታ ይወርዳል፤ ዝቃጩ ታች ይቀራል። ውሃም እንዲሁ ነው። ጨውና ማዕድኑ ከታች ቀርቶ እንፋሎቱ ብቻ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ በጋሎን የሚሸጥ ሲሆን መለያው ላይ ያ ቃል መጻፍ አለበት። «የምንጭ ውሃ»፣ «ማዕድን ያለው»፣ «የመጠጥ ውሃ» የሚሉት ሌላ ናቸው። አምቦ ውሃማ ጭራሽ ሌላ ነው።

ልዩነቱ ለምን ያስፈልጋል? የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎራይድ አለ፤ በተራ ቋንቋ የገበታ ጨው ግማሽ አካል ማለት ነው። የብር አዮን ክሎራይድ ካገኘ አይለቀውም። ወዲያው ሲልቨር ክሎራይድ የሚባል ነጭ ነገር ይሆንና ውሃው እንደ እጣቢ ይደፈርሳል። ይህ ነጭ ነገር ብርሃን ሲያገኝ ይጠቁራል። አንዳንዶች ደግሞ ዲስትልድ ውሃ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ሲላቸው ለማፍጠን ቆንጥረው ጨው ይጨምራሉ። ያን ጊዜ የሚጠጡት ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነም ማንም ሊነግራቸው አይችልም።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚደውሉልን ወገኖችም አሉ። «እኛ ጋ የቧንቧው ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ስለሆነ ያው ዲስትልድ ነው» ይላሉ። አይደለም። ከባሕር ተጣርቶ የወጣው ውሃ ወደ ቤት ከመለቀቁ በፊት ማዕድን ተመልሶ ይጨመርበታል። ሌሎች ደግሞ ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የመኪና ባትሪ ውሃ ይጠቀማሉ። ያ ውሃ ለባትሪ እንጂ ለሰው ሆድ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም፤ ጠርሙሱም እንደዚያው።

ጠበል የሚጠቀሙም አሉ። ስለ ሃይማኖት አሁን አልናገርም፤ ቦታውም አይደለም። ጠበል ግን ከምድር የሚፈልቅ ውሃ ነው፤ እንደየቦታው ጨውና ማዕድን አለው። ባትሪ የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያምን ሰው እንደ አባቶቹ ይጠጣው፤ ይጠመቅበት።

ወደ ብሩ እንምጣ። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን ታሪክ አለን። ገንዘባችንን «ብር» የምንለው ከዚሁ ማዕድን የተነሳ ነው። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት፣ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል። ንጹሕ ብር ግን አይደለም። ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያሳተሙትም ብር ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ 835 ነው። አንጥረኞቻችን መስቀሉን፣ ድሪውን፣ አልቦውን የሠሩት ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ጠገራ ብር እያቀለጡ ነበር። ስለዚህ «ከአያቴ የወረስኩት ጥሩ ብር ነው» የሚለው አባባል ለቅርስነት እውነት ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይደለም።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። ከዓመታት በፊት የማውቀው አንድ ሰው የአያቱን ድሪ ፈትቶ ሁለት እንክብል ውሃ ውስጥ ነከረ። ከብርጭቆው ሥር አረንጓዴ ዝቃጭ ሲያይ «ኃይሉ ወጣ» ብሎ ተደሰተ። ያ አረንጓዴ መዳብ ነው። መዳብና ብር አንድ ላይ ሆነው ባትሪ ሲያገኛቸው መዳቡ ከብሩ ቀድሞ ይሟሟል። የድሮ ጌጥ ላይ የብየዳም ጉዳይ አለ። ብር የሚበየድባቸው አንዳንድ ቅይጦች ካድሚየም ነበረባቸው፤ ካድሚየም ኩላሊት የሚጎዳ ብረት ነው። ገበያ ላይ ደግሞ «የጀርመን ብር» የሚባል አለ። በስሙ እንዳትታለሉ፤ ውስጡ ብር የለም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። 925 የሚል ማኅተም ያለበት ቀለበትና ማንኪያም ከ1,000 እጅ 75ቱ ሌላ ብረት ነው፤ ብዙውን ጊዜ መዳብ።

እንግዲህ እህታችን የጠየቁኝ 999 ወይስ 9999 ነው። 999 ማለት ከ1,000 እጅ 999ኙ ብር ነው፤ 9999 ማለት ከ10,000 እጅ 9,999ኙ። እስቲ ወረቀትና እርሳስ አምጡና አብረን እናስላ። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ብር ሟሟ እንበል። ሽቦው 999 ከሆነ ከብሩ ጋር የገባው ባዕድ ነገር ከ0.01 ሚሊ ግራም አይበልጥም። 9999 ከሆነ 0.001 ሚሊ ግራም ነው። ወዳጃቸው የተጨቃጨቀው፣ እህታችንም እንቅልፍ ያጡት በዚህች ልዩነት ነው፤ አንድ መቶኛ ሚሊ ግራም እንኳ አትሞላም። ብሩ ራሱ ግን 10 ሚሊ ግራም ነው። ከባዕዱ ነገር 1,000 ጊዜ ይበልጣል! ስለ እሱ ግን ማንም አልጠየቀም።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ስለ ንጽሕና የሚደረገው ክርክር ሁሉ ከብሩ ጋር ምን ሌላ ነገር ገባ የሚል ነው። ብሩ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል የሚለውን ግን አይነካውም። የሚሸጡት ሰዎች ንጽሕናን አጥብቀው የሚሰብኩትም ለዚህ ይመስለኛል። ሰው ተጎዳ ሲባል «እሱማ የቧንቧ ውሃ ተጠቅሞ ነው፣ ጨው ጨምሮ ነው፣ ብሩ ርካሽ ነው» ይላሉ። ጥፋቱ ሁልጊዜ የተጎጂው ነው። ዕቃው በጭራሽ አያጠፋም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ክሎራይድ እንዳይገባ ብላችሁ ዲስትልድ ውሃ ገዛችሁ፤ ብርጭቆውን አጠባችሁ፤ ማንኪያ እንኳ አላስነካችሁም። ከዚያ ጠጣችሁት። ሆዳችሁ ውስጥ ምን አለ? ሃይድሮክሎሪክ አሲድ! የጨጓራ አሲድ ማለት በክሎራይድ የተሞላ ነው። ከብርጭቆው ያባረራችሁት ነገር ሆዳችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ደማችን ራሱ ጨው አለበት። በመጀመሪያው ጉንጭ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ያበቃል።

ታዲያ ብሩ የት ይሄዳል? አብዛኛው በሆድ አልፎ ይወጣል። ጥቂቱ ግን ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያም ቆዳ ውስጥ፣ ድድ ውስጥ፣ የውስጥ አካላት ውስጥ ይቀመጣል። ቆዳ ውስጥ ያለው ብር የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል። በድሮው ፊልም ፎቶግራፍ የምናነሳበት ጥበብ ይኸው ነበር፤ ብርና ብርሃን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ፊልሙ የሰው ፊት መሆኑ ነው። ሕመሙ አርጂሪያ ይባላል። ቆዳን ግራጫ ወይም ሰማያዊ ያደርጋል፤ መድኃኒት ወስዶ የሚለቅ ነገርም አይደለም። ለአንዳንዶች የሌዘር ሕክምና መጠነኛ ለውጥ አምጥቷል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

በአሜሪካ የሞንታና ፖለቲከኛ የነበሩት ስታን ጆንስ በዚህ ይታወቃሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 2000 ሲገባ ኮምፒውተሮች ይቆማሉ፣ መድኃኒት ይጠፋል የሚል ፍርሃት በነበረበት ጊዜ የብር ውሃ ቤታቸው እየሠሩ መጠጣት ጀመሩ። ኮምፒውተሮቹ አልቆሙም። እሳቸው ግን በ2002 ለሴኔት ሲወዳደሩ ፊታቸው ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ነበር።

የእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ነገሩ እንደ ፈረንጆቹ ፎቶግራፍ ሰማያዊ ሆኖ ላይታይ ይችላል። አመድማ ይመስላል፤ ጥቁረት ይመስላል። «ማድያት ነው» ተብሎ ሊታለፍም ይችላል። ስለዚህ የምትጠጡ ካላችሁ ፊታችሁን ብቻ አትዩ፤ የጥፍራችሁን ሥር፣ ድዳችሁን፣ የዓይናችሁን ነጭ ተመልከቱ። እዚያ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካያችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የምትጠጡትንም አትደብቁ።

መጠኑስ? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዕድሜ ልክ በየቀኑ ቢወሰድ ጉዳት አያመጣም ብሎ ያስቀመጠው የብር መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.005 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት በቀን 0.3 ሚሊ ግራም ይሆናል። በሊትር 10 ሚሊ ግራም ካለበት ውሃ በቀን ሁለት ሲኒ፣ ወደ 150 ሚሊ ሊትር፣ ቢጠጡ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። አምስት እጥፍ። ይህም ውሃው በእርግጥ 10 ከሆነ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትለኩባት ትንሿ የኤሌክትሪክ መለኪያ ብርን ለይታ አታውቅም። የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ብቻ ነው፤ ቅንጣቱን ጭራሽ አታየውም። በአንድ ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ በአንድ ሰዓት ወደ 4 ሚሊ ግራም ብር ይሟሟል። ብሩ ውሃው ውስጥ በገባ ቁጥር ደግሞ ኤሌክትሪኩ እየጨመረ ይሄዳል። ስልክ አውርታችሁ ስትመለሱ እጥፍ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እህቴ በስምንት ወር ፊታቸው ይጠቁራል ማለቴ አይደለም፤ ላስፈራራቸው አልፈልግም። ነገሩ ግን የሚጠራቀም ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ለብር ፍትሕ እንስጠው። ብር ጀርም ይገድላል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ክሬዴ ከ1880 ጀምሮ አራስ ሕፃናት ዓይን ውስጥ የብር ናይትሬት ጠብታ በማድረግ ብዙ ሕፃናትን ከዕውርነት አድነዋል። እሳት ላቃጠለው ሰው ቁስል ላይ የሚቀባ የብር ቅባት እስከ ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ አለ። ከሸክላ የሚሠሩ አንዳንድ የውሃ ማጣሪያ ማሰሮዎችም በኮሎይዳል ሲልቨር ይቀባሉ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ በውጭ የሚደረጉ ናቸው፤ ቁስል ላይ፣ ዓይን ላይ፣ ማሰሮ ላይ። ጠላውን ሳይሆን ጋኑን ነው የሚያጥኑት። ለመጠጣት ሲሆን ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ1999 ኮሎይዳል ሲልቨር ያለባቸው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ መድኃኒቶች ደኅንነታቸውም ሆነ ፈዋሽነታቸው ተቀባይነት የለውም ብሎ ወስኗል። በኮሮና ጊዜ፣ በመጋቢት 2020፣ በቴሌቪዥን ሰባኪው ጂም ቤከር ፕሮግራም ላይ የብር መድኃኒት ሲሸጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፏል። የሚዙሪ ግዛትም ከሶ በ2021 ወደ 156,000 ዶላር ለገዢዎች እንዲመለስ ስምምነት ተደርጓል። ጥፋታቸውን ግን አላመኑም።

አንዳንድ ወገኖቻችን ደግሞ ማሽኑን በሻንጣ አድርገው ወደ አገር ቤት ይልካሉ፤ «ውሃውን ያጠራላችኋል» ብለው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለው ትልቁ የውሃ ችግር ፍሎራይድ ነው፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው፣ ሲበዛም አጥንት የሚጎዳው እሱ ነው። ሁለት የብር ሽቦ ፍሎራይድ አያወጣም። የዚያን ማሽን ዋጋ ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ቢልኩት ይሻላል።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሰዎች ሞኞች ናቸው ብዬ አላምንም። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ለአንድ የሐኪም ቀጠሮ የሚጠየቀውን ገንዘብ እናውቃለን። ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት አሠሪዋን «ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» ለማለት እንደምትፈራም እናውቃለን። በእጅ የሚሠራ፣ ርካሽ፣ ማንንም የማያስለምን ነገር ሲገኝ ደስ ይላል። በእጅ መሠራቱ ደግሞ እምነት ይጨምራል፤ ሰው የራሱን ድካም አይጠራጠርም።

አሁን ወዳልተጠየቅኩት ልሂድ። እህቴ፣ ደብዳቤዎ ላይ አንዲት መስመር ብቻ የሰጡት ነገር፣ የእናትዎ የእንቅርት ኪኒን፣ ለእኔ ዋናው ነው። ብር አንዳንድ መድኃኒቶች ሰውነት ውስጥ በደንብ እንዳይገቡ ሊያደርግ ይችላል። በስም ከሚጠቀሱት ውስጥ አንዳንድ አንቲባዮቲኮችና ታይሮክሲን የሚባለው የእንቅርት መድኃኒት አሉበት። ኪኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚወሰድ ነው፤ እርስዎም የብር ውሃውን ጠዋት እንደሚሰጧቸው ጽፈዋል። እናትዎ «ድካሙ አልተወኝም፣ ብርዱ አጥንቴ ገባ» እያሉ እንደሆነ ነግረውኛል። እርስዎ ይህን የአገሩ ብርድ ነው ብለዋል። ሊሆን ይችላል። ግን መድኃኒቱ እየሠራላቸው እንዳልሆነም ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህን በደም ምርመራ እንጂ በግምት መለየት አይቻልም።

ስለዚህ 9999 አይግዙ። ውሃውንም አይለውጡ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ለእናትዎ የሚሰጡት ሲኒ ይቅር፤ ኪኒናቸውን በተራ ውሃ ይዋጡት። የእንቅርት ምርመራ ያስደርጉላቸው። ሲሄዱም የብር ውሃውን ጠርሙስ በቦርሳዎ ይያዙ፤ ስንት ወር፣ በቀን ስንት ሲኒ እንደሰጧቸው በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ያሳዩ። ይቆጡኛል ብለው አይፈሩ፤ ቢቆጡም ቁጣው ያልፋል። እናትዎ ኪኒኑን ራሳቸው እንዳያቆሙት ደግሞ ይጠብቁልኝ፤ «ይህ ሁሉ መድኃኒት ምን ይሠራል» የሚል እናት ብዙ ነው።

ሽቦዎቹን አይጣሏቸው። 999 ብር ነው፤ ዋጋ አለው። እዚያው አካባቢያችሁ አንጥረኛ አይጠፋም፤ ለእናትዎ የጆሮ ጉትቻ ይሠሩባቸው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።